ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ወንዳፍራሽ! ተመስገን፣ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስልክ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። … ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ያንተ ዕቃ ነው። … ኮምፒውተሩ ነዋ! ሌላ ምን የሰጠኸኝ ዕቃ አለ?

አልማዜ ይህን ስትናገር ፊቷ ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት መስሏል። የስልኩን እጀታ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ፣ በአንድ እጇ ቁራጭ ካርቶን ታራግባለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጋምቤላ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ወንዳፍራሽ ታናሽ ወንድሟ ነው። አዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ያረጀ ኮምፒውተር ይፈታል፣ ይገጥማል፤ የእህቱንም የገጠመላት እሱ ነው። ርካሽ ነገር ነው፣ ከየቦታው የተለቃቀመ። ቢሆንም አልማዜ ዕቁቧ ሲደርሳት በእልልታ የተቀበለችው የራሷ ንብረት ነው።

— ስማኝ። መስመሩ ይቆራረጣል … ትሰማኛለህ? … እሺ። «ለክልሉ» ብዬ እመታለሁ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። … ምንም! ነጭ! እጠብቃለሁ፣ ላቤን እጠርጋለሁ፣ አሁንም እጠብቃለሁ። ከዚያ «ለ» ትመጣለች። … አትሳቅ! ብቻዋን ነው የምትመጣው፣ እንደ ሙሽራ እየተጎተተች። ያልመታሁት መስሎኝ ደግሜ ስመታ ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ «ለለለክክልልሉ»። ይኼ ምን ይባላል? መንተባተብ ነው እንጂ ጽሑፍ ነው?

— … እጄ? አሁንም እጄ? እሱንማ ከፋሲካ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ነግረኸኛል። «እትዬ፣ እጅሽ ነው፣ ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ እንደዚህ ነው፣ ዕድሜም አለ።» … አላልክም? ብለሃል እንጂ! እኔም አምኜሃለሁ።

ማመኗ ነው ክፉው። ጋምቤላ ክልል ከመባሏ በፊት ጀምሮ ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። አዲሶቹ ቢሮዎች ሲቋቋሙ ስንት ደብዳቤ በጣቶቿ አልፏል! ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፣ አልማዜ ግን ከታይፕራይተሯ ኋላ ነበረች። አሁን ቢሮው ኮምፒውተር አስገባና ለታይፒስቶቹ ሁሉ ፈተና አወጣ። ያለፈ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ የወደቀ ግምጃ ቤት ገብቶ ወረቀትና ሳሙና ያድላል። አልማዜ ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ቁጭ ብላ ተለማመደች፤ በተለማመደች ቁጥርም ይብስ ዘገየች። በመጨረሻ እጇን እያየች ማልቀስ ጀምራ ነበር።

— ፈተናው ሰኞ ነው። … የፊታችን ሰኞ። ግን እኔ አልፈተንም። … አልፈተንም አልኩህ! ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ ጋ ገብቼ፣ ግምጃ ቤት መድቡኝ እላለሁ። … ምን ላድርግ ታዲያ? ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጡ ልጆች መሃል ተጎልቼ «ለ» እስክትመጣ ልጠብቅ? ውርደት አይበቃኝም?

— … ለምንማ እንደፈለግኩህ ጥሩ ጠየቅህ። ለኛሙት ብዬ ነው። … የቢሮዬ ልጅ፣ ኛሙት! ለፋሲካ ስትመጣ ዓሣ ይዛልህ የመጣችው። … አዎ፣ ያቺ ቁመተ ሎጋዋ። እሷ ትፈተናለች። የምትለማመደው እዚህ እኔ ቤት ነው፤ እኔ ብቀር እሷ ለምን ትቅር? … ይኸው አጠገቤ ናት። ኛሙት፣ ሰላም ብሎሻል። … እሷም ሰላም ብላሃለች። «ቶሎ በለው፣ መብራት ሳይሄድ» ነው የምትለው።

— እሺ፣ አበራሁት። … ገና ነው። … ገና። … ያቺ ትንሿ መብራት? ቦግ እንዳለች ናት፣ ጠፍታም አታውቅ። ሆዱም ይንጓጓል፣ እንደራበው ሰው። … አሁን መጣ። … አሁን ደግሞ ዓሦችህ መጡ። … አንተ የጫንክልኝ ዓሦች ናቸዋ! ትንሽ እጄን ካሳረፍኩ ስክሪኑን ሞልተው የሚዋኙት። ወንድሜ፣ ዓሣ ካማረኝ ባሮ ወርጄ የእውነቱን አያለሁ፤ እነዚህን አጥፋልኝ።

ወንዳፍራሽ ከወዲያ ማዶ ይመራታል፣ እሷ ትከተላለች። ታች በግራ በኩል ትጫናለች፣ ትጠብቃለች። ኛሙት ወንበሯን አስጠግታ ማውሱን ተቀበለቻትና አልማዜ ነፃ በሆነው እጇ ካርቶኑን ለሁለቱም ታራግብ ጀመር።

— ይኼ ሁሉ ምንድን ነው? የመኪና እሽቅድምድም? የካርታ ጨዋታ? በኔ ቤት ማነው ካርታ የሚጫወተው? … ለፋሲካ ስትመጣ ነው የጫንከው? … ላጥፋው፣ በደስታ! … «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ብሎ ይጠይቀኛል። ነኝ፣ በለው ኛሙት። … ሲነሳ አብረው የሚነሱትንም? እሺ፣ እነሱንም። … አጥፍተን እናስነሳው? … እሺ።

— … ሄሎ? አለህ? … ተነሳ። … ቆይ ልምታ። … ወይ! ትንሽ ተሻለው። «ለ» እና «ክ» ተከታትለው መጡ። … ኤጭ፣ ቆመ። ደግሞ ቆመ። መብራቷም ቦግ አለች። ደግሞ ይኼ ሽታ መጣ። … ሽታ አልኩህ! ስለ ሽታው አልነገርኩህም? ሲሞቅ ይሸታል። የተቃጠለ ፀጉርና … ምን ልበልህ … የከረመ ዘይት ያለበት ቁም ሣጥን።

— … አየር? ያገኛል እንጂ። … በየት? በዳንቴሉ ቀዳዳ ነዋ። … ዳንቴል! … እንዴት «ሲበራም ለብሶ ነው?» ትለኛለህ፣ ታዲያ ራቁቱን ይሥራ?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል። አልማዜ የጎሬ ልጅ ናት፤ ያደገችበት ቤት ሬዲዮም ጠረጴዛም ራቁቱን አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ በመጣ በሳምንቱ በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። ከአቧራ እንዲያድነውም ከሥሩ ወፍራም ገበር ሰፋችበት፤ ማብሪያውን ብቻ ክፍት ትታ ግራና ቀኙን በሪባን አሰረችው። ሲሠራም ሳይሠራም ለብሶ ነው የሚውለው። ኛሙት ገና ዱሮ «በዚህ ሙቀት ኮት ታለብሺዋለሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር፤ አልማዜ ግን የንብረት አያያዝ የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው ብላ አለፈችው።

— … አትጩህብኝ! … እሺ፣ አወለቅኩት፣ ይኸው። … ከኋላው? ከኋላው ያሉትን ቀዳዶችማ አንተ ከሄድክ ወዲህ ደፍኛቸዋለሁ። … በፕላስተር። የቁስል ፕላስተር። … ነፍሳት እንዳይገባበት ነዋ! እዚህ ጋምቤላ እኮ ነው፣ መብራት ካየ የማይገባ ነገር የለም። … ሁሉንም። የጎኑንም። … ኛሙት፣ አትሳቂ፣ እሱ እየሳቀ ይበቃል።

— … እሺ፣ እልጠዋለሁ። … ተጣብቋል። … አንዱ ተላጠ … ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! … ጢም! ጢም ወጣ! … በቀዳዳው በኩል ነዋ፣ ጢም ብቅ ብሎ ይወዛወዛል! ኧረ ቀፈፈኝ! … በረሮ ነው። ኧረ ከነልጁ ነው! ኛሙት ምቺው! … በጫማሽ፣ በጫማሽ! … እፍፍ።

ኛሙት መታችው። እጀታው ከአልማዜ ትከሻ አምልጦ በገመዱ ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ሲደልቅ፣ ወንዳፍራሽ ከውስጡ «እትዬ! እትዬ!» ማለቱ አልቀረም። አልማዜ አነሳችውና በጨርቅ ጠረገችው፤ በረሮው የነካው እሱን ይመስል።

— አለሁ። … አልሞትኩም። በቃ፣ ይከፈታል። … ክዳኑ ነዋ! … ለምን አይከፈትም? … ይነዝረኛል? ነቅዬዋለሁ፣ ገመዱ ይኸው ወለሉ ላይ ነው። … ለመስቀል እስክትመጣ? መስቀል መቼ ነው፣ ሰኔ ላይ ሆኜ! እስከዚያ ከዚህ የበረሮ ቀዬ ጋር ልኑር? … አበላሸሁት እንዴ፣ ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል? … አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ሌላ ጊዜ «እትዬ ደፋር ነሽ፣ ሞክሪ» ትለኝ የለም? … ኛሙት፣ ያንን ካቻቢቴ አቀብይኝ። … አይ አልሰማህም፣ መስመሩ ተቆራረጠ።

መስመሩ አልተቆራረጠም። ደህና አድርጋ ሰምታዋለች፤ ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ሲደብቅ ድምፁ እንደሚቀጥን ታውቃለች። ግን ምን ሊደብቅ ይችላል ብላ ተወችው። ኛሙት ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታችና ክዳኑን ወደ ኋላ ስባ አነሳችው። ከውስጡ የወጣው ሽታ ሁለቱንም ወደ በሩ አሸሻቸው።

— ወንዳፍራሽ … ኧረ ወንዳፍራሽ … በምን ቋንቋ ልንገርህ? ቁርጥራጭ ክንፍ፣ እግር፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ኩስ … ኩሱ እንደ ቡና አተላ ተዘፍዝፏል። ማራገቢያው ይታይሃል? ለእኔም አይታየኝም! በፀጉርና በአቧራ ተጠቅልሎ የሞተ አይጥ መስሏል። … በቁም ያሉትማ ሞልተዋል! ይሯሯጣሉ! እኔ እንዳይገቡ ብዬ ደፈንኩ፣ እነሱ ውስጥ ሆነው እየሞቃቸው ወለዱ። ሁለት ወር ሙሉ ፊቴን ወደዚህ ደፍቼ ነው የተነፈስኩት! ቱ! … ቱ! አፌ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

— … በምን ልጥረገው? በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ? … እሺ። ውሃ አይነካውም። … ኛሙት ይዛዋለች፣ እሷ አትጸየፍም፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ወደ ውጭ አውጥታ አራገፈችው። … ዶሮዎቹ መጡ። ወይ ጉድ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ድግስ ሆነላቸው። … አሁን እኔ ባትሪ አበራለሁ፣ እሷ ትቦርሻለች። … ማራገቢያው ታየ። በጣቷ ብታዞረው ዞረ።

አልማዜ ቀጥላ የውስጡን ዕቃ ትጠይቀው ጀመር፤ ይኼ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው። ወንዳፍራሽ መጀመሪያ ይመልስ ነበር። ከዚያ መልሱ አጠረ። ኛሙት ብሩሿን ይዛ አጎነበሰችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ በጣቷም ለአልማዜ አሳየቻት።

— ቆይማ ወንዳፍራሽ። ኛሙት አንድ ነገር አሳየችኝ። … ሁለት ረጃጅም ስንጥቆች አሉ፣ ጎን ለጎን። አንዱ ላይ ቀጭን ሰሌዳ ቆሟል። አንዱ ባዶ ነው። … መጠባበቂያ? ዱሮም ባዶ ነበር? … አይደለም እኮ። እኔ ዝንጉ ነኝ እንጂ እንዲህ ያለውን አልረሳም። መጀመሪያ ያመጣኸው ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ከፍተህ አላሳየኸኝም? «እትዬ፣ ይቺ ራም ትባላለች፤ ሁለት ናቸው፣ እንደ በሬ ጥማድ ናቸው፤ ሥራ ሲበዛ ሁለቱ ይጎትቱታል» አላልከኝም? የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጥማድ ያልከኝን አልረሳም።

— … ይወድቃል? ራሱ? ወድቆ የት ይሄዳል፣ በረሮ በላው? … ደግሞ ሌላው ቦታ ሁሉ አቧራው ጣት ያሰጥማል፤ ይህ ስንጥቅ ግን ንጹሕ ነው፣ ትናንት የተጠረገ ይመስላል። ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎቹም ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ኛሙት «እዚህ እጅ ገብቷል» ትላለች። … ሄሎ? … ሄሎ! … ወንዳፍራሽ፣ ዝም ያለው መስመሩ ነው ወይስ አንተ ነህ?

ትንፋሹ ይሰማታል። የፋሲካ ዕለት እሷ ቅዳሴ ሄዳ ስትመለስ፣ ወንድሟ ሸሚዙን አውልቆ በላብ ተጠምቆ፣ ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን እያለበሰው ነበር ያገኘችው። «አጸዳሁልሽ እትዬ» አላት። እሷም ግንባሩን ስማ መረቀችው። ይሄ ሁሉ አሁን አንድ ባንድ መጣላት፤ ካርቶኑንም ከእጇ ጣለችው።

— የፋሲካ ዕለት ነው፣ አይደል? … አትንተባተብ፣ ነው ወይስ አይደለም? … ነው። … ለማን? … ለደንበኛ! … ደንበኛው ቸኩሎብህ፣ ገበያው ላይ ጠፍቶ … እና የእህትህን ኮምፒውተር ሆዱን ቀደህ አወጣህ። እኔ ቅዳሴ ቆሜ ላንተ ስጸልይ! … ልትመልሰው ነበር። አዎ፣ ሁሉም ሊመልስ ነው የሚወስደው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ለባዕድ ሲሆን ፈጣን፣ ለእህቱ ሲሆን … እፍ፣ ስምህን መጥራት አስጠላኝ።

— … አይ፣ ስለ ዕቃው አይደለም። አልገባህም! ዕቃውን ብትጠይቀኝ ነቅዬ እሰጥህ ነበር። ዓይኔንስ ብትጠይቀኝ? … እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በአንድ በሬ ሲያርስ እንደከረመ ታውቅ ነበር። ለምን እንደሚንቀራፈፍ ከዓለም ሁሉ አንተ ብቻ ታውቅ ነበር። እያወቅህ «እጅሽ ነው» አልከኝ። «ዕድሜም አለ» አልከኝ። እኔም ማታ ማታ እጄን በሞቀ ውሃ እነክራለሁ፣ ጣቶቼን እጎትታለሁ፣ አርጅቻለሁ ብዬ እጨነቃለሁ። … አታልቅስ። በስልክ አይታለቀስም፣ ቆጣሪ ይቆጥራል።

— … በረሮው ይሻላል። እውነቴን ነው፣ በረሮው ከአንተ ይሻላል። እሱ ሞቆት ገባ፣ ወለደ፣ አራ፤ አንድ ቀን ግን «እትዬ» አላለኝም።

ኛሙት ቀና ብላ አላየቻትም፤ ክዳኑን መለሰች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ ገመዱን ሰካች፤ ከዚያ ማብሪያውን ነካችው። ማራገቢያው እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ እፍ እያለ ተነሳ። ስክሪኑ በራ። አልማዜ አንገቷን ወደዚያ ስታዞር በግድግዳው ላይ ያለው አምፖል ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ።

— … መብራት ሄደ። … አዎ፣ አሁን ገና። በራ ስንል። … አይ፣ ስልኩ አለ፣ ስልኩ ከመብራት ጋር አይገናኝም። … እንዳትዘጋ! አንድ ነገር አሰማሃለሁ። ጆሮህን ለጥፈህ ስማኝ፣ እንዳትናገር።

እጀታውን ከኪቦርዱ አጠገብ አስተኛችው። መዳፎቿን በቀሚሷ ጠረገች። ጀርባዋን ቀና አደረገች፤ ኃላፊ ከፊቷ ቆሞ ቶሎ በይ ሲላት ስትቀመጥ የኖረችው አቀማመጥ ነው። ጣቶቿን አሳረፈችና ጀመረች። ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ የሚጠብቃት የለም፣ የሚያስቆማት የለም። ኪቦርዱ እንደሚቆላ ተልባ ተንጣጣ። «ለክልሉ» ብላ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን፣ ስንት ጊዜ የመታችውን የቢሮ ደብዳቤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳታቋርጥ አወረደችው። ኛሙት አፏን በእጇ ይዛ ጣቶቿን ታያለች። አልማዜ «ከሰላምታ ጋር» ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እንባዋም ሳታስበው ወረደ።

— … ሄሎ? … ሰማህ? … ይኼ ነው እጄ። … ምን እንደጻፍኩ ማን ያውቃል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። አንተ ግን ሰምተኸዋል፣ ይበቃኛል። … ሰኞ? ግምጃ ቤት አልሄድም። እፈተናለሁ! … ራሙን? በሰኞ አውሮፕላን? ላከው፣ አትላከው፣ የራስህ ጉዳይ ነው። ሰኞ የምፈተነው በመንግሥት ኮምፒውተር ነው፤ እሱን አንተ አልከፈትከውም። … በቃ። … አይ፣ ዛሬ «እትዬ» አትበለኝ። ደህና ዋል።

ዘጋችው። እጇን ከእጀታው ላይ ሳታነሳ እንደገና ጮኸ። ኛሙት ስልኩን አየች፣ አልማዜን አየች።

— ተይው፣ ይጩህ። ነይ ቁጭ በይ ኛሙት፣ ያንቺ ተራ ነው። … መብራቱን ምን ታደርጊዋለሽ? ለእጅ መብራት አያስፈልገውም።